በክዳኑ ውስጥ የተጫረው ምልክት

ሰዓት ሠሪው ሱቅ ብሎ የሚጠራት ክፍል የአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተወሸቀች ናት። ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር የእግሩ ኮቴ ከጣሪያው ላይ ይሰማል። ቁመቱ ዘለግ ያለ ደንበኛ ደግሞ አንገቱን ሰበር ሳያደርግ አይገባባትም። «እዚህ ቤት ሰው ሁሉ ትሑት ሆኖ ነው የሚገባው» ይላል ሰዓት ሠሪው፣ ግንባሩን ለሚያሸው እንግዳ። ባንኮኒው ላይ ወፍራም መስታወት ተነጥፏል። በላዩ ወረንጦዎቹ፣ እንደ ስንጥር የቀጠኑ ካቻቪቴዎቹ፣ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የሚወትፋት ማጉያ መነጽር ተደርድረዋል። ከመስታወቱ ሥር የስልክ ቁጥር የተጻፈባቸው ብጥስጣሽ ወረቀቶች ይታያሉ።

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሰዓት ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልማድ ግን አውርሰውታል። ሰዓት ታድሶ ከመዘጋቱ በፊት፣ በጀርባው ክዳን የውስጥ ገጽ ላይ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ምልክት ይጫራል፤ ከጎኑም ወሩና ዓመቱ። ባለቤቱ ክዳኑን ስለማይከፍት አያየውም። የሚያየው ከዓመታት በኋላ ሰዓቱ እጁ የሚገባ ሌላ ባለሙያ ብቻ ነው። «ስምህን ማንም በማያይበት ቦታ ጻፍ» ይሉት ነበር ሽማግሌው። «ከዚያ ወዲያ በሥራህ መዋሸት ያቅትሃል።» የሰዓት ሠሪው ምልክት አንዲት ጎባጣ ጭረትና ሁለት ነጥቦች ናት፤ ሁለት ፍሬ ያመለጣት ማጭድ ትመስላለች። ስንት ሺህ ክዳን ውስጥ እንደጫራት አያውቅም። እጁ ብቻ ነው የሚያውቀው።

በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ሰው ሰዓቱን ከኪሱ ስልክ ማየት ጀመረ፤ በጣት የሚሞሉት ሰዓቶች መሳቢያ ገቡ። ሰዓት ሠሪው ሳምንት ሙሉ የአንድ ደንበኛ ኮቴ እየጠበቀ፣ ደረጃውን የሚወጡትን እየቆጠረ ይውል ጀመር። ማተሚያ ቤት የምትሠራው ልጁ ናት መላ ያመጣችው።

«አባዬ፣ ሰዓት የሚወድ ሰው እኮ አልጠፋም፤ ተበትኖ ነው» አለችው። «አንድ ቦታ እንሰብስባቸው።»

እንዲህ ሆነና በበይነ መረብ «የሰዓት ወዳጆች መድረክ» ተከፈተ። ማንም ተመዝግቦ ይገባል፣ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ የሰዓቱን ፎቶ ያሳያል። አባላት በስማቸው ፋንታ ቅጽል ይመርጣሉ። መሥራቹ በሙያው ተጠራ፤ ሰዓት ሠሪው ተባለ። ከእሱ በቀር አሥራ ሁለት ሰው ገባ።

በአራት ወር ውስጥ ሰዓት ሠሪው አሥራ አንድ ረጃጅም ጽሑፍ ጻፈ። ስለ ዘይት ብቻ አራት። ቃላቱን ሲመርጥ፣ ሲያርም፣ ሲያስተካክል ያመሻል። መልስ ሆኖ የሚመጣው ግን «እናመሰግናለን፣ ጠቃሚ ነው» የሚል ነበር፤ ያም ከሦስት ሰው።

«ስብከት እኮ ነው የምትጽፈው» አለችው ልጁ። «ሰው አሜን ይልና ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«ታዲያ የማውቀውን ባልጽፍ ምን ልጻፍ?»

«እኔ እንጃ። አንተ ሁሉን ካወቅከው እነሱ ምን ይሥሩ?»

ይህች የልጁ ንግግር እንደ እሾህ ተሰካችበት። ሁለት ቀን አሰባት። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሱቁን በውስጥ ዘግቶ በሌላ ቅጽል ተመዘገበ። ያወጣው ስም «ግራገባኝ» ነበር። ከዚያም በጀማሪ አጻጻፍ፣ ነጥብ ሰረዝ ሳያበጅ፣ እንዲህ አለ፦ «ሰዓቴ እጄ ላይ ስትሆን ትሄዳለች ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ሳስተኛት ትቆማለች ናፍቄያት ይሆን እንዴ»

እስከ ማታ ሃያ ሦስት መልስ መጣ። አሥራ ሁለቱም አባላት ተናገሩ፤ ከተመዘገቡ ጀምሮ ቃል ያልወጣቸው ሁሉ። ዳቦ ጋጋሪው «ወንድሜ፣ አግባትና ተገላገል» ሲል ጻፈ። ነርሷ «በጀርባው ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው በሽተኛ አይተህ ታውቃለህ? እንደዚያ ነች፤ ውስጧ የተጠራቀመ ነገር አለ» አለች። ሰዓት ሠሪው ይህን ሲያነብ ከወንበሩ ተነሣ። ነርሷ ትክክል ነበረች። እሱ በባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ያላስረዳውን በአንድ መስመር አስረዳችው።

ከሁሉ በኋላ የመጣው መልስ በጡረታ የተገለሉ የባቡር ነጂ ያሉት ነበር። ቅጽላቸውም ባቡር ነጂው ነው። «ልጄ፣ ይሳቁብህ፤ ሳቅ አይገድልም። አሁን የጀርባውን ክዳን ክፈት። ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ። የነገሩን ስም ካላወቅከው ቅርጹን ጻፍ። አትፍራ፣ አይነክስም።»

ሰው ለማወቅ ይሰበሰባል ይባላል። ለማወቅ የሚሰበሰብማ መጽሐፍ ይበቃዋል። ሰው የሚሰበሰበው ያወቃት ጥቂት ነገር ለአንድ ሌላ ሰው እንድትጠቅም ነው። ያወቀውን ይዞ የሚቀበለው ያጣ ሰው፣ ወተቷን የሚያልብላት እንዳጣች ላም ያመዋል። ሊቃውንት ብቻ የሞሉበት ጉባኤ የመቃብር ቦታ ነው፤ ሁሉም በየድንጋዩ ላይ ስሙን ጽፎ ዝም ይላል። መሐላቸው አንድ ሳያፍር የሚጠይቅ ሲገባ ግን ሁሉም ነፍስ ይዘራል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይላሉ አበው፤ ሰዓት ሠሪው ከዚያ አልፎ፣ የአንዱ መጠየቅ ሌሎቹንም ሁሉ ሊቅ እንደሚያደርግ አየ። ያየው ነገር እውነት ነበር። ያየበት መንገድ ነው የተጣመመው።

ግራገባኝ አንድ ቀን ጠይቆ ሊጠፋ ነበር የታሰበው። አልጠፋም። በሳምንት ሁለቴ፣ ሦስቴ ብቅ ይላል። ሰዓቱን በእጅ ሳሙና አጥቦ መጣ። ብሎን ጠፍቶበት ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲፈልግ ዋለ። ሰዉ ሳቀ፣ ተቆጣ፣ አስተማረ። ለእሱ ሲሉ እርስ በርስ ተከራከሩ፤ ለእሱ ሲሉ የራሳቸውን ጥፋት አወጡ። ዳቦ ጋጋሪው የአማቱን ሰዓት የገደለበትን ታሪክ የተናገረ ቀን ብቻ አርባ አዲስ ሰው ተመዘገበ። «እኔም እንደ ግራገባኝ ነኝና አደራ አትሳቁብኝ» እያሉ እውነተኞቹ ጀማሪዎች መምጣት ጀመሩ። በዓመቱ አባላቱ አራት መቶ ሞሉ።

ሰዓት ሠሪው ሥራ በዛበት። ግራገባኝ ገና ያልተማረውን እንዳያውቅ መጠንቀቅ ነበረበት። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዘ። በግራው ገጽ «የሚያውቀው»፣ በቀኙ ገጽ «የማያውቀው» ብሎ ይጽፋል፤ እየተማረ በሄደ ቁጥር ከቀኝ ወደ ግራ ያሻግርለታል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንድ የሌለ ሰው የማያውቀውን ይመዘግባል።

ነገሩን መጀመሪያ የደረሰችበት ልጁ ናት። ቅዳሜ ጠዋት መድረኩን ስታስተካክል፣ አባላቱ ከየትኛው መስመር እንደሚገቡ የሚያሳየውን ዝርዝር አይታ ብድግ አለች።

«አባዬ፣ ይሄ ግራገባኝ የሚጽፈው ከኛ ቤት ነው እንዴ?»

ሰዓት ሠሪው ወረንጦውን አስቀመጠ። እንደገና አነሳው።

«ዝም ብለህ አትየኝ፤ እየጠየቅኩህ ነው።»

«መድረኩ እንዲሞቅ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ በሳሙና ያጠብከውም አንተ ነህ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ እየቀነሰ ሄደ። «ሌላውስ እሺ። ባቡር ነጂው ግን ይወዱሃል እኮ» አለችው። ወዲያውም «ማለቴ፣ እሱን» ብላ አረመችው።

አላረመችውም፤ ወጋችው። ባቡር ነጂው ለግራገባኝ በመድረኩ አደባባይ ብቻ ሳይሆን በግልም ይጽፉለት ነበር። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ረጅም፣ ትዕግሥተኛ ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ አሉት፦ «ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ለአንተ ልንገርህ። ሞተሩ እያገሳ የሰዓት ምት አይሰማም። ስለዚህ እኔ ሰዓቴን በጥርሴ ነበር የማዳምጠው። ጠርዙን በጥርስህ ያዝና ሁለቱን ጆሮህን በጣት ድፈን። ምቱ በአጥንትህ በኩል ይመጣል። ካነከሰች በዚያ ታውቃታለህ።»

ሰዓት ሠሪው ሱቁ ውስጥ ሞከረው። እውነት ነበር። ያንን ቲክ ቲክ በአርባ ዓመቱ እንዲያ ጠርቶ ሰምቶት አያውቅም፤ የራሱ ራስ ቅል ውስጥ የሚመታ ይመስል ነበር። ደስታው ግን ወዲያው ተበላሸበት። እሱ በራሱ ስም «አባቴ፣ አንድ ነገር አስተማሩኝ» ብሎ መጻፍ አይችልም። ምስጋናውን የወሰደው ግራገባኝ ነው። ደብተሩን ከፍቶ በግራው ገጽ «በጥርስ ማዳመጥ» ብሎ ጻፈ። በቀኙ ገጽ ግን ይህ ነገር አልነበረም፤ እሱም አያውቀው ነበርና።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለው እንዲህ ደረሰ።

ባቡር ነጂው ግራገባኝን አንዲት አሮጌ የእጅ ሰዓት ከነመላዋ አስፈትተው እንዲያስገጥሙት ወሰኑ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። መድረኩ በሙሉ ተከታተለ። ሰዓት ሠሪው ከመሳቢያው ባለቤቷ የረሷትን አንዲት ሰዓት አወጣ። ደረጃ በደረጃ እየፈታ፣ ሆን ብሎ በግራ እጁ እያበላሸ፣ ፎቶ እያነሳ አሳየ። በመጨረሻው ቀን ሰዓቷ ሄደች። ሰዉ በጽሑፍ አጨበጨበ፤ ነርሷ «ልጃችን ተመረቀ» አለች። ግራገባኝም የመጨረሻውን ፎቶ ለጠፈ፤ ሰዓቷ ስትመታ፣ ከጎኗ የተገለበጠ ክዳኗ።

በማግሥቱ ከባቡር ነጂው የግል መልእክት መጣ።

«ልጄ፣ ዓይኔ እንደምታውቀው እየከዳኝ ነው። ግን ፎቶውን እንደምንም አጉልቼ ክዳኑ ውስጥ ያለውን አየሁ። ያቺን ጎባጣ ጭረትና ሁለት ነጥብ አውቃታለሁ። የኔም የኪስ ሰዓት ውስጥ አለች፤ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው አንተ ከተማ፣ ደረጃ ሥር ያለ አንድ ባለሙያ ያደሰልኝ ጊዜ የጫራት ናት። ያንተ ላይ ያለው ወር ግን ይህ ወር ነው። አቅቶህ ወስደህ ሰጥተኸዋል ማለት ነው። እሱ ሠራው፣ አንተ ሠራሁት አልከን። አለመቻል አያሳፍርም ልጄ። የሚያሳፍረው የሌላውን እጅ የኔ ነው ማለት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አልናገርምም።»

ሰዓት ሠሪው ፎቶውን ከፍቶ አየ። እጁ፣ ያቺ የለመደች እጁ፣ ሰዓቷን ከመዝጋቱ በፊት ሳያማክረው ምልክቱን ጭራበታለች። ሽማግሌው አስተማሪው እንዳሉት ነው። ማንም በማያይበት ቦታ የጻፈው ስም መዋሸት አቃተው።

ፎቶውን ዘጋው። ከዚያ ቀስ እያለ አንድ ሌላ ነገር ገባው፤ ይህም ከድንጋጤው ይልቅ አዋረደው። ባቡር ነጂው የደረሱበት ትልቁን ውሸት አልነበረም፤ በትንሹ ነው የከሰሱት። ትንሹን አምኖ ትልቁን መሸሸግ ይቻላል። እጁ ከሐሳቡ ቀድማ መጻፍ ጀመረች።

«እውነት ነው አባቴ። አቅቶኝ ነው። እንዳይንቁኝ ብዬ ነው። አፍሬያለሁ።»

ከዚህ ሁሉ እውነት የሆነች አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እሷም የመጨረሻዋ ናት።

መልሱ በዚያው ቀን መጣ። ባቡር ነጂው አልተቆጡም። «ይህን ያህል ከተናዘዝክልኝ እኔም ልናዘዝልህ» ብለው ጀመሩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ሰዓታቸውን ሳይሞሉ ወጡ። መንገድ ላይ ቆመችባቸው። በግምት ነድተው አንድ ጣቢያ አራት ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ፤ ከወዲያ የሚመጣው ባቡር ሐዲዱን ይዞ በጭንቅ ነው የቆመው። ማንም አልሞተም። ሲጠየቁ ግን የጣቢያውን የእለፍ መብራት የሚያሳየውን ሰው ከስሰው «መብራት ሰጪው ነው ያዘገየኝ» አሉ። አለቆቹ ሰውየውን ከቦታው አንሥተው ምንም ወደሌለበት ሩቅ ጣቢያ ወረወሩት፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተፈናቀሉ። ባለቤታቸው ይህን ሳያውቁ ነው የሞቱት። «አንተ ብትሆን ነው የነገርኩህ፤ አንተ አለማወቅህን የማትደብቅ ልጅ ነህና። ሐሙስ ለዓይኔ ሐኪም ዘንድ እመጣለሁ። አራት ሰዓት ላይ የዚያ ባለሙያ ሱቅ እንገናኝ። ይቅርታ እንድትጠይቀው ነው፣ እኔም አብሬህ እቆማለሁ። ሰዓቴንም እሱ ባለበት እሰጥሃለሁ። ዓይኔ ከሄደ ለኔ ምን ትሠራለች? እጄ አንተ ትሆናለህ።»

ሰዓት ሠሪው ይህን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሰው የዕድሜ ልክ ሸክሙን አውርዶ ያሸከመው፣ ትከሻ የሌለውን ነው። በሐሰት ኑዛዜ እውነተኛ ኑዛዜ ገዝቷል።

እራት ላይ ለልጁ ነገራት።

«ንገራቸዋ» አለች።

«መድረኩ ይፈርሳል። አራት መቶ ሰው…»

«አባዬ፣ የፈራኸው ለመድረኩ ነው?»

ዳቦውን ቆረሰና ሳይበላው አስቀመጠው። «አንድ ሰው ብናገኝና» አለ፣ ዓይኑን ሰሃኑ ላይ ተክሎ፣ «ለአንድ ቀን ግራገባኝን የሚሆን…»

ልጁ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሰሃኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ባቡር ነጂው ከቀጠሮው አሥር ደቂቃ ቀድመው ደረሱ። ረጅም ናቸው፤ አንገታቸውን ግን በሩ ገና ሳይነካቸው ነው ሰበር ያደረጉት። በከዘራ ይሄዳሉ። ሰው ሲያዩ ፊት ለፊት አያዩም፤ መሐሉ ስለጠፋባቸው ራሳቸውን ዘወር አድርገው በዓይናቸው ጠርዝ ያዩታል።

«ይህችን በር አልረሳኋትም» አሉ። «ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ግንባሬን ፈንክታኛለች። እርስዎ ነዎት ባለሙያው?»

«እኔ ነኝ፤ ይግቡ። ይቀመጡ።»

«አንድ ልጅ ይመጣል፣ እጠብቃለሁ። ካላስቸገርኩዎት።»

«ኧረ ምን ችግር አለ።»

ተቀመጡ። ከደረቅ ሐኪም ቤት ሽታ ጋር የሳሙና ሽታ ነበራቸው፤ ሸሚዛቸው እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ተቆልፏል። ለቀጠሮ የለበሰ ሰው ናቸው። ሰዓት ሠሪው አንድ ብሎን አጠበቀ፣ ፈታው፣ መልሶ አጠበቀው። አራት ሰዓት ሆነ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ደረጃውን ሰው በወጣ ቁጥር ሽማግሌው ጆሯቸውን ያቀናሉ።

«ያፍራል» አሉ። «ዓይን አፋር ነው። እርስዎ ጋር ያለበትን ነገር ያውቃሉ መቼም፤ ሰዓቱን እርስዎ ሠርተውለት እሱ ሠራሁት ያለው። ቢመጣ እባክዎ አይቆጡት። ቀድሞ ለኔ ተናግሯል።»

«አልቆጣም።»

«ልጅ ነው። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ልጅ ነው። ሠላሳም አይሞላው።»

ሰዓት ሠሪው ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «ሐኪሙ ምን አለዎት?» አለ።

«እንግዲህ ዘገየ አለኝ። ባቡር ቢሆን እኔ ነኝ የምጠየቅበት» አሉና በአፍንጫቸው ሳቁ። ከዚያ ከኪሳቸው ሰዓቷን አወጡ። ሰንሰለቷ አልቆ በገመድ ተተክቷል። «እስኪመጣ ድረስ ይዩልኝማ። ትላንትና ዘጠኝ ደቂቃ ቀርታለች። አንካሳ አድርጌ አልሰጠውም።»

ሰዓት ሠሪው ክዳኗን ከፈተ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ጎባጣ ጭረት፣ ሁለት ነጥብ፣ ከጎኑም የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወር። ያን ጊዜ አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ይህን ሲጭር የሚያፍርበት አልነበረውም። ጭረቷ በንጹሕ እጅ የተጻፈች ትመስላለች።

የምትወዛወዘዋን ቀለበት አየ፤ አንድ ጠብታ ዘይት በስንጥሩ ጫፍ ጣል አደረገ። መፍጠኛዋን ነካ አደረጋት። ከዚያ፣ ሆን ብሎ ይሁን እጁ ቀድሞት፣ በኋላም ራሱ አላወቀውም፤ የሰዓቷን ጠርዝ በፊት ጥርሱ ያዘ፣ ሁለቱን ጆሮውን በጣቶቹ ደፈነ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ምቱ በአጥንቱ መጣ።

ዓይኑን ሲገልጥ ባቡር ነጂው ራሳቸውን ዘወር አድርገው፣ በዓይናቸው ጠርዝ፣ ሳይንቀሳቀሱ እያዩት ነበር።

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

ሰዓት ሠሪው ሰዓቷን ከአፉ አወጣ። በጨርቅ ጠረጋት። ጨርቁን አጠፈው።

«እርስዎ» አለ።

ከላይ አንድ ሰው ደረጃውን ወረደ። ሁለቱም እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ግራገባኝ የሚባል ሰው የለም፣ አባቴ። እኔ ነኝ። መድረኩ ሞቶብኝ ነው። መጀመሪያ ለአንድ ቀን ብዬ ነው።»

ባቡር ነጂው ከዘራቸውን ከአንድ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ብሎኑ ጠፍቶብህ ምንጣፍ ላይ ተኝተህ የፈለግከው?» አሉ። አንቱታው ቀርቷል። ንቀት ይሁን፣ ወይስ ለተማሪያቸው የሚናገሩበት የለመዱት አነጋገር፣ ሰዓት ሠሪው ሊለየው አልቻለም። ሁለቱም እኩል አመመው።

«አልጠፋብኝም።»

«ሁለት ቀን ነው እንቅልፍ ያጣሁት እኮ፤ ያ ብሎን ተገኘለት ይሆን እያልኩ።» በዓይናቸው ጠርዝ ፈለጉት። «መብራት ሰጪውንስ? ያንን የነገርኩትን?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ሌላ ማን አነበበው?»

«ማንም።»

«ማንም» ብለው ደገሙት። «እኔ ለማን ነገርኩት ታዲያ?»

አርባ ዓመት ሰው ለጠየቀው ሁሉ መልስ ያላጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ መስታወቱን አየ፤ መስታወቱ ውስጥ ፊቱ ነበረና ዓይኑን ከዚያም አነሣ።

«ዝጋት» አሉ ባቡር ነጂው።

ሰዓት ሠሪው ክዳኑን አነሣ። ቀኝ እጁ ሳያስበው መርፌዋን ጨብጣ ነበር።

«ምልክትህን አታድርግባት።»

መርፌዋን አስቀመጠ። ክዳኑን ሲጫነው የተሰማችው ቀጭን ድምፅ ከተማው ሁሉ የሰማት መሰለችው። በሙያው ዘመን ሳይፈርምባት የዘጋት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። ሽማግሌው ተቀብለዋት በእጃቸው መዘኗት፣ ኪሳቸው አስገቡ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ወጡ። በሩ ላይ ዞር ሳይሉ «እኔ ለአንድ ሰው ነው የተናገርኩት» አሉ። «አንተ ለአራት መቶው ተናገር።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ተናገረ። ስለ መብራት ሰጪው ትንፍሽ አላለም፤ የራሱን ብቻ፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ብሎኑ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ክዳኑ ጻፈ። ሰበብ የምትመስል አንዲት አረፍተ ነገር ነበረችበት፤ ልጁ ከጀርባው ቆማ አንብባ በጣቷ ነካቻት፤ ሰረዛት።

ሰባ ሰው ያህል ስሙን አስሰርዞ ወጣ። ነርሷ «እኔኮ የግራገባኝን ነገር ለልጄ እንኳ ነግሬያት ነበር» ብላ ጽፋ ዝም አለች። ዳቦ ጋጋሪው ለመቀለድ ሞከረ፤ ማንም አልሳቀለት። ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ ከመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ዝምታ የከፋ። ያኔ ዝም ያለው ባዶ ቤት ነው፤ አሁን ዝም ያለው ሰው የሞላበት ቤት ነው።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን አንድ የማይታወቅ ሰው ገባ። የአጎቱን ሰዓት አግኝቶ ወደ ኋላ እየሞላት መሆኑን ጠረጠረ፤ በየት በኩል ነው የምትሞላው ሲል ጠየቀ። ቂል ጥያቄ ነው። ማንም አልመለሰለትም። ማን ይመልሳል፤ እያንዳንዱ «ይሄስ ማን ይሆን» እያለ ነው። ሰዓት ሠሪው መልሱን ጣቱ ላይ ይዞ፣ እጆቹን ጉልበቱ መሐል ቀብሮ ተቀመጠ። የእሱ መልስ አሁን ጥያቄውን የባሰ የሚያስጠረጥር ነበር። እሱ ያሰረው ቋጠሮ አንድን ንጹሕ ጠያቂ በር ላይ አስቀርቶታል።

ወደ ማታ ላይ ባቡር ነጂው መለሱ። ፊደሎቻቸው እዚህም እዚያም ተሳስተዋል፤ ማየቱ እየከበዳቸው ነው።

«ልጄ፣ በሁለቱም በኩል ብትሞላት አትሰበርም፣ አትፍራ። በአንዱ በኩል ብቻ ነው የምትጠነክረው፤ በጣትህ ታውቀዋለህ። የቀረውን አስተምርሃለሁ። ከሁሉ አስቀድመህ ግን ደውልልኝና ድምፅህን ልስማው።» ሥሩ የስልክ ቁጥራቸውን ጻፉ።

ሰውየው ደወለ። ነርሷም በማግሥቱ ቁጥሯን ጻፈች፤ ዳቦ ጋጋሪውም። ማንም ደንብ አላወጣውም፤ ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ የገባ ሁሉ ከነባሮቹ ለአንዱ ይደውላል፣ ድምፁን ያሰማል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ከወጡት ሰባው ግማሾቹ ተመለሱ። መድረኩ ከበፊቱ ይልቅ ሞቀ። የመሠረተው ሰው የፈጠረው ማታለያ ሊሰጠው ያልቻለውን፣ የማታለያው ጠባሳ ሰጠው። ሰዓት ሠሪው ይህን ሁሉ ከመስኮት ውጭ ቆሞ የሰው ቤት ግብዣ እንደሚያይ ሰው ያነበዋል። ሲጠይቁት በአጭሩ ይመልሳል። ጽሑፍ አይጽፍም።

ደብተሩን አልጣለውም። አንድ ቀን ከፈተው። በቀኙ ገጽ፣ «የማያውቀው» ከሚለው ሥር፣ ሳይሻገሩ የቀሩ ሦስት አራት ነገሮች ነበሩ። ከእነሱ በታች የባቡር ነጂውን ስልክ ቁጥር ገለበጠ። ያንን ቁራጭ ቀድዶ ከመስታወቱ ሥር፣ ከሌሎቹ ብጥስጣሽ ወረቀቶች ጋር አኖረው። በየጠዋቱ ሰዓቶቹን ሞልቶ ሲጨርስ ያየዋል። ብዙ ወር አየው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደወለ።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

ሰዓት ሠሪው አፉን ከፈተ። ስሙንም፣ ሙያውንም፣ ያዘጋጀውንም ይቅርታ ተዋቸው። «ይቅርታ» አለ፣ «ቁጥር ተሳስቼ ነው።»

ይህችም ውሸት ናት። ከአፉ ሳትወጣ አወቃት።

ወዲያ ማዶ ከስልኩ አጠገብ አንድ ሰዓት ይመታል፤ የሚመታው በትክክል እንደሆነ ከምቱ አወቀ።

«አልተሳሳትክም» አሉ ባቡር ነጂው። «ድምፅህን አውቄዋለሁ።»

ሌላ አልጨመሩም። ስልኩን ግን አልዘጉትም።